የገቢ ዕቃ ፍላጎትን ስናጠና ልንርቃቸው የሚገቡ ስህተቶች

የንግድ ገደቦች የኢትዮጵያን የገቢ ዕቃ ፍላጎት እንዴት እንደሚለውጡ የሚያጠና ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከታሪፍ መጽሐፉ ነው፤ የመጀመሪያው ስህተትም እዚያው ይፈጸማል። ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ ምጣኔ 35 በመቶ ቢሆንም፣ ታክሶቹ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረቡ ስለሚሰሉ እውነተኛው ጫና ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ኤክሳይስ ታክስ የማይከፈልበት የ100 ብር ዕቃ ቀረጡ ሲጣልበት 135 ብር፣ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 155 ብር ከ25 ሳንቲም፣ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲጨመርበት ደግሞ 171 ብር ገደማ ይደርሳል። መነሻው ዋጋ የማጓጓዣና የመድን ወጪን ስለሚያካትት፣ የጉዞው ርዝመት ራሱ ይቀረጣል ማለት ነው።

ከሁሉም የከፋው፣ በእኔ እምነት፣ የገባውን ዕቃ መጠን እንደ ፍላጎት መቁጠር ነው። የውጭ ምንዛሬ በወረፋ በሚታደልበት ጊዜ የጉምሩክ አኃዝ የሚነግረን ባንኮች የፈቀዱትን ዶላር እንጂ ገዢው የፈለገውን ዕቃ አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 የዕቃ ዓይነቶች ኤልሲ (ባንክ ለውጭ ሻጭ ክፍያ ዋስትና የሚሰጥበት ሰነድ) እንዳይከፈት ሲታገድ የዕቃዎቹ ፈላጊ በአንድ ሌሊት አልጠፋም፤ እንዲህ ያለ ፍላጎት ወይ ወደ ኮንትሮባንድ ይዞራል፣ ወይ አሮጌውን እየጠገነ ይጠብቃል። ስለዚህ በዚያ ዘመን አኃዝ ላይ ተመሥርቶ «አስመጪው ለዋጋ ግድ የለውም» ብሎ የሚደመድም ጥናት የመዘነው ወረፋውን ነው።

በይፋዊው ምንዛሬ ብቻ ማስላትም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ማሻሻያ በኋላ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ዋጋውን አስቀድሞ በትይዩ (ከባንክ ውጭ ባለው ጥቁር) ገበያ ለሚተምን ነጋዴ ግን ለውጡ በወረቀት ላይ የሚታየውን ያህል አልነበረም።

ነዳጅን፣ ማዳበሪያንና የቤት መኪናን በአንድ ድምር ማየትም ያሳስታል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዋጋቸው ቢንርም በቀላሉ አይቀነሱም።

በመጨረሻም ጥፋቱን ሁሉ በወደብ እጦት ማሳበብ አለ። ጅቡቲ ሩቅ መሆኗ አይካድም፤ ነገር ግን በባንክ ሰነድ መዘግየት ምክንያት ወደቡ ላይ የሚቆም ኮንቴይነር የሚያስከፍለው ዲመሬጅ (የመዘግየት ክፍያ) ከኪሎ ሜትሩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።