ሦስት ሆነን ንግድ እንጀምር ካላችሁ፦ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዴት ይቋቋማል?

ቡሬ ላይ ሦስት ጓደኛሞች በርበሬ አስፈጭተው፣ አሽገው ሊሸጡ ተስማሙ እንበል። አንዱ ገንዘብ አለው። ሁለተኛው ወፍጮ አለው። ሦስተኛዋ ገበያውን አብጠርጥራ ታውቃለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ በቃል ብቻ ተስማምቶ ሥራ ይጀምራል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

መጀመሪያ የማኅበሩን ዓይነት ምረጡ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ሰባት ዓይነት የንግድ ማኅበር ያውቃል። የኅብረት ሽርክና ብትመርጡ የማኅበሩ ዕዳ የግል ንብረታችሁ ድረስ ይመጣል። አክሲዮን ማኅበር ቢያንስ 5 አባላትና 50,000 ብር ካፒታል ይጠይቃል። ባንክና ኢንሹራንስ በዚህ መልክ ነው የሚቋቋሙት። ለሦስቱ ጓደኛሞች የሚበጀው ግን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር፣ ሰው ፒኤልሲ የሚለው ነው። ከ2 እስከ 50 አባላት፣ ከ15,000 ብር የማያንስ ካፒታል ይበቃዋል። ማኅበሩ ቢከስር በመርህ ደረጃ የምታጡት ያዋጣችሁትን ነው። ብቻውን መሥራት ለሚፈልግም ሕጉ ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቅዷል።

ቀጥሎ ስም አስፈትሹ። የከተማችሁ ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሙ በሌላ አለመያዙን ያጣራል።

ከዚያ መመሥረቻ ጽሑፉ ይመጣል፤ የአባላቱን ድርሻና የማኅበሩን አሠራር የሚወስነው ሰነድ ማለት ነው። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ከሌላ ማኅበር ገልብጦ ስም ብቻ መቀየር የተለመደ ነው፤ ጠቡም የሚመነጨው ከዚያው ነው። ወፍጮው በስንት ብር ተገመተ? ያረጀ ወፍጮ እንደ አዲስ ቢገመት ባለ ገንዘቡ ተበደለ ማለት ነው። ገበያ የምታውቀውስ ድርሻዋ በምን ይሰላል? ገንዘብ ወይም ዕቃ ካላዋጣች፣ ዕውቀቷ በደመወዝ ይከፈል ወይስ በሌላ መንገድ፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሥራ አስኪያጁ ማን ነው? ያለ ሌሎቹ ፊርማ እስከ ስንት ብር ያወጣል? አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻውን ማን ይገዛዋል? ቢሞትስ? ጓደኛን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ይሉኝታ ያስይዛል፤ ግን ሁሉም ደስ ባለው ሰዓት ካልተጠየቀ፣ ገንዘብ ከገባ በኋላ ይከብዳል።

ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ በንግድ መዝገብ ይመዘገባል። ማኅበሩ በሕግ ፊት ራሱን የቻለ ሰው የሚሆነው ያኔ ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የንግድ ፈቃድም ይወጣል። ለምግብ ምርት የጤናና የጥራት ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ማኅበር ገቢው ትንሽ ቢሆንም ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ነው። የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታ ነው፤ ከትርፉም 30 በመቶ ግብር ይከፈላል። የባንክ ሒሳቡ በማኅበሩ ስም ይከፈት። ከበርበሬ ሽያጩ ላይ የልጅ ትምህርት ቤት መክፈል፣ የቤት ኪራይ መሸፈን ከጀመራችሁ ያ የተወሰነ ኃላፊነት ያላችሁት ከለላ ራሱ ፍርድ ቤት ላይ ሊያከራክራችሁ ይችላል።