የእንግሊዝ ገጠር መንደር ስትሄዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ለንደን ዘመድ ሲመጣ መንገዱ የታወቀ ነው። ቢግ ቤን፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ኦክስፎርድ ስትሪት። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ ይነሳና «እስቲ ደግሞ ገጠሩን አሳየን» ይላል። ያኔ ብዙ ሰው የሚሄደው ወደ ኮትስዎልድስ ነው። ከኦክስፎርድ አለፍ ብሎ ይጀምርና እስከ ባዝ ከተማ ይዘልቃል። ስፋቱ ወደ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ኮረብታው የበግ መስክ ነው። ቤቱ ደግሞ ማር በሚመስል የኖራ ድንጋይ የተሠራ ነው።

እንግዳ እየያዝኩ ስመላለስ ዓመታት ሆኖኛል። አገሩን እወደዋለሁ። ስለምወደውም ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ሳያየው ሲመለስ ይቆጨኛል። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

በአንድ ቀን አምስት መንደር ማዳረስ

ቢበሪ ግማሽ ሰዓት፣ ቦርተን ግማሽ ሰዓት፣ ካስል ኩም ግማሽ ሰዓት። ከመኪና ወርዶ ፎቶ፣ ከዚያ ተመልሶ መኪና። ማታ ላይ የትኛው ፎቶ የየትኛው መንደር እንደሆነ ይምታታል።

ሁለት መንደር ይበቃል። ቢበሪን ብቻ እንውሰድ። ሁሉም ፎቶ የሚነሳበት አርሊንግተን ሮው የሚባል የቤቶች ረድፍ አለ። ጣሪያው ሾጣጣ፣ በሩ ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በዕድሜ ብዛት ዘመም ያለ ነው። ይህ ረድፍ መጀመሪያ መኖሪያ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ የበግ ፀጉር ማከማቻ ሆኖ የተሠራ የመነኮሳት መጋዘን ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ተከፋፍሎ የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። የሸመኑት ጨርቅ ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው እርጥብ መስክ ላይ፣ በእንጨት መስቀያ ተወጥሮ ይደርቅ ነበር። መስኩ እስከ ዛሬ ራክ አይል ይባላል፤ የመስቀያው ደሴት እንደማለት ነው። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ሁሉ ጀርባውን የሚሰጠው ለዚህ መስክ ነው።

የዚህ አገር ሀብት የመጣው ከበግ ነው። ጊዜ ካላችሁ ኖርዝሊች ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ሂዱና ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ግቡ። ወለሉ ላይ የጥንት የበግ ፀጉር ነጋዴዎች መቃብር አለ፤ መልካቸው በናስ ተቀርጿል። ጎንበስ ብላችሁ እግራቸውን እዩ። አንዱ በግ ላይ ቆሟል። ሌላው በፀጉር የተሞላ ጆንያ ረግጧል። ለዚያች ትንሽ ከተማ ያን የሚያህል ቤተ ክርስቲያን ከየት መጣ ብላችሁ ከሆነ፣ መልሱ እግራቸው ሥር ነው።

የሰው ቤትን እንደ ሙዚየም ማየት

ባለፈው ግንቦት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄጄ ነበር። አንዱ ቤት መስኮት ላይ ግንባሩን አስደግፎ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ውስጥ አንዲት እናት ሻይ ፉት እያሉ ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። ዝም ብለው ተነሱና መጋረጃውን ዘጉ። ልጁ አፈረ፤ እኔ ደግሞ ከእሱ የበለጠ አፈርኩ። በቀን ስንት ጊዜ ይሆን ያን መጋረጃ የሚዘጉት?

እኛ ቤት ሰው በመስኮት አጮልቆ ቢያይ ምን እንደምንል ታውቃላችሁ። እነዚያ ቤቶች ውስጥ ሰው ይተኛል፤ ይታመማል፤ ልጅ ያሳድጋል። በር ላይ ተቀምጦ ፎቶ መነሳት፣ የአትክልት በር ከፍቶ መግባት፣ ድሮን ማስነሳት ይቅርባችሁ። መኪናም የሰው መውጫ ዘግታችሁ አታቁሙ።

ከአስፋልት አለመውረድ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የእኛ ሰው የታጠረ መስክ ሲያይ «የሰው መሬት ነው፤ ፖሊስ ይጠሩብናል» ብሎ ይመለሳል። እንግሊዝ ውስጥ ግን በግል መሬት መሃል አቋርጦ የሚያልፍ የሕዝብ የእግር መንገድ አለ። ባለመሬቱ ሊከለክላችሁ አይችልም። በእንግሊዝና በዌልስ እንዲህ ያለው የሕዝብ መተላለፊያ ተደምሮ ወደ 225,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። እንጨት ላይ የተለጠፈ ቢጫ ቀስት ካያችሁ ለእግረኛ ነው። ሰማያዊው ለእግረኛም፣ ለፈረስም፣ ለብስክሌትም ነው። ቀስቱን ተከተሉ።

መብቱ ግን በመንገዱ ላይ ነው እንጂ በመስኩ ሁሉ ላይ አይደለም። የመስክ በር ስትከፍቱ እንደነበረ መልሱት፤ ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፣ ተከፍቶ ካገኛችሁት ተዉት። ምናልባት ገበሬው በጎቹ ውኃ እንዲጠጡ ብሎ ከፍቶት ይሆናል። በመጋቢትና በሚያዝያ ጠቦቶች የሚወለዱበት ጊዜ ነው። ለማቀፍ ብላችሁ አታሯሩጧቸው፤ እናትና ልጅ ይለያያሉ። ጥጃ ያላት ላም ካያችሁ ደግሞ ራቅ ብላችሁ ዙሩ። አትሩጡ።

ካብ ላይም አትውጡ። ካብ ያልኩት እውነተኛ ካብ ስለሆነ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሁለት ግድግዳ ጎን ለጎን ተክቦ መሃሉ በጠጠር ድንጋይ ተሞልቷል። አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በጠርዛቸው ቆመው ተደርድረዋል። የታችኛውን ተጭነው የያዙት እነሱ ናቸው። አንዱን በእግራችሁ ከገፋችሁት ጎረቤቱም ይላላል፤ ከዓመት በኋላ ካቡ ይናዳል። ላሊበላ ወይም ሰሜን ሸዋ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ሲያይ እጁ ይበላዋል።

ሳማም አለ። የእኛ ሳማ ዘመድ ነው፤ አለበላለቡም ያው ነው። ልጆቹ ሲለበልባቸው አጠገቡ የሚበቅል ሰፊ ቅጠል ቆርጠው ያሹበታል። ቅጠሉን ሳየው ወዲያው ቱልት ትዝ አለኝ። እውነትም የአንድ ቤተሰብ ናቸው።

ነጭ ስኒከር

ዝናቡ እንደ እኛ ክረምት ዶፍ አይደለም። ካፊያ ነው፤ ግን አይተውም። ሎወር ስሎተር የሚባል መንደር አለ። ስሙን እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሁሉ «እርድ» እያለ ይተረጉመዋል። ቃሉ የመጣው ግን ከጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፤ ጭቃማ ቦታ ማለት ነው። ቦት ጫማ አድርጉ።

ሰዓትን አለማሰብ

ፐብ፣ ማለትም የመንደሩ መጠጥና ምግብ ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ክፍት ሊሆን ይችላል። ወጥ ቤቱ ግን ብዙ ቦታ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ፣ በእነሱ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ ይዘጋና ማታ ይከፈታል። 9 ሰዓት ላይ ተርባችሁ ብትደርሱ የምታገኙት ድንች ጥብስ በከረጢት ነው። ተቀምጣችሁ አስተናጋጅ አትጠብቁ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ባንኮኒው ጋ ተሂዶ ነው። ጾም ከሆናችሁ «ቪጋን» ብላችሁ ጠይቁ፤ «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብና ቅቤ ይመጣል።

አውቶቡስ እሁድ ጭራሽ የማይሄድበት መንደር ብዙ ነው። የመመለሻውን ሰዓት ሳታዩ አትሂዱ። ከለንደን ፓዲንግተን ተነስቶ ኮትስዎልድስ ውስጥ ሞርተን ኢን ማርሽ የምትባል ከተማ የሚያወርዳችሁ ባቡር አለ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በታኅሣሥ ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይጨልማል። መንደሮቹ የመንገድ መብራት እምብዛም የላቸውም።

ሳንቲምም ያዙ። አንድ ደጃፍ ላይ እንቁላል በካርቶን ተደርድሮ፣ አጠገቡ የቆርቆሮ ሣጥን ተቀምጦ አገኘን። ሻጭ የለም። ዋጋው በእጅ ተጽፏል። ካርድ ብቻ ስለያዝን እንቁላሉን ትተነው ሄድን። እስከ አሁን ይቆጨኛል።

በጠባብ መንገድ መፍጠን

የገጠሩ መንገድ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ፣ ግራና ቀኙ በቁጥቋጦ አጥር የተዘጋ ነው። ምልክቱ 60 ማይል ቢፈቅድም በዚያ ፍጥነት መሄድ እብደት ነው። ከኩርባው ማዶ ትራክተር ይኖራል። ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ ለማሳለፊያው ቦታ የሚቀርበው ወደ ኋላ ይመለሳል። ያሳለፋችሁን ሰው እጅ ከፍ አድርጋችሁ አመስግኑ። በእግር ከሆናችሁና የእግረኛ መንገድ ከሌለ በቀኝ በኩል፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያያችሁ ሂዱ። በመስክ መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥማችሁ ደግሞ ሰላም በሉ። ለንደን እንግዳ ነገር ነው፤ እዚያ ግን ዝም ብሎ ማለፍ ነው ነውሩ።

ባዝ ደርሶ የጃንሆይን ቤት አለማየት

ከኮትስዎልድስ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከቺፒንግ ካምደን ተነስቶ 164 ኪሎ ሜትር የሚሄድ የእግር መንገድ አለ። የሚያበቃው ባዝ ከተማ፣ ካቴድራል የሚያህለው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነው። የእኛ ሰው እዚያ ይደርስና የሮማውያንን መታጠቢያ አይቶ ይመለሳል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሀውስ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ጃንሆይ እ.ኤ.አ. በ1958 ቤቱን ለባዝ ከተማ ሰጡት፤ አረጋውያን እንዲገለገሉበት። ያው የማር መልክ ያለው ድንጋይ ነው። የሚከፈትበትን ቀን አስቀድማችሁ አጣሩና ጠዋት ላይ ሂዱ፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ታዩታላችሁ።