የጠበበ የሽንት መውጫ ቧንቧን በጉንጭ ሽፋን መጠገን፦ በጥንቸል ላይ የሚደረግ ጥናት አሠራር

በደሴ ወይም በኮምቦልቻ እንዲህ ያለውን ጥናት የሚያቅድ የእንስሳት ሐኪም ከሁሉ አስቀድሞ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድና የማነጻጸሪያ ቡድን ሊኖረው ይገባል። በወንድ ጥንቸሎች ቧንቧ ላይ ጉዳት በማድረስ ጥበት ከተፈጠረ በኋላ፣ ጠባሳው መርጋቱ ቀለም ተሰጥቶ በሚነሣ ኤክስሬይ ይረጋገጣል፤ ባልጠበበ ቧንቧ ላይ ሽፋን ሰፍቶ የተገኘ ውጤት ስለ ጥበት ሕክምና ብዙ አይነግረንምና ይህ ደረጃ ፈጽሞ ሊዘለል አይገባም።

ከጉንጭ ውስጥ የሚነሣው ሽፋን እርጥበትን የለመደ በመሆኑ ለዚህ ሥራ ይስማማል። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ገደማ የሚኖረው ከተሰፋበት ስፍራ በሚመጥጠው ፈሳሽ ብቻ ሲሆን፣ ከአካባቢው የደም ሥሮች ጋር መገናኘት የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ስብና ጡንቻ በጥንቃቄ ይጠረጋል፣ ደም የሚቋጥርበት ክፍተት ሳይተውም በሚሟሟ ቀጭን ክር ይሰፋል፣ ሽንት የሚያስወጣ ቀጭን ቱቦም (ካቴተር) ይገባል።

ጥንቸል ስለማያስመልሰው ከማደንዘዣ በፊት ለረጅም ሰዓት ማስጾም አያስፈልግም። በማደንዘዣ ሥር ሙቀቱን ቶሎ ስለሚያጣ ግን ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደሴ ማሞቂያ የግድ ነው፤ ኮምቦልቻ ሞቅ ብትልም ቴርሞሜትሩ አይቀርም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሕመም ማስታገሻና ለስላሳ ቅጠል ይሰጠዋል፤ ጉንጩ ቆስሎ መብላት ካቆመ አንጀቱ ሥራውን ሊያቆም ይችላልና።

በመጨረሻ ኤክስሬይው ይደገማል፤ ከቧንቧው የተወሰደውን ናሙናም የትኛው ከየትኛው ቡድን እንደመጣ የማያውቅ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል።