በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ቁጥር፦ የኦክስጅን፣ የኩላሊትና የደም ውጤትን አዲስ አበባ ላይ እንዴት እናንብብ

ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ የኩላሊት ማስሊያ ቀመር፣ የላብራቶሪ ወረቀት ዳር ላይ «መደበኛ» ተብሎ የሚታተመው ዓምድ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት አሜሪካና አውሮፓ ባሉ ሰዎች አካል ነው። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ ባሉ ክሊኒኮችና ጤና ጣቢያዎች ግን በየቀኑ የእኛን ሰው ይለካሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለጠቅላላ ሐኪም፣ ለጤና መኮንንና ለነርስ ነው። ቤቱ በሽተኛ የሚያስታምም ሰውም ስለ ኦክስጅን መለኪያው የሚለውን ክፍል ሊጠቀምበት ይችላል።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። ሕክምና ውስጥ «ዘር» ተብሎ የሚጠቀለለው ሦስት የተለያየ ነገር ነው። ኦክስጅን መለኪያው የሚያገኘው የቆዳን ቀለም ነው፤ የየት አገር ሰው እንደሆኑ አያውቅም። የድሮው የኩላሊት ቀመር የሚያነበው «ጥቁር» ተብሎ የተሞላ ሳጥን ነው፤ ቀለምም ደምም አላየም። የነጭ ደም ሴልን ቁጥር ዝቅ የሚያደርገው ደግሞ አንድ የታወቀ ዘረ መል ነው። ከአንድ እናት ቀይ፣ ጠይምና ጥቁር ልጅ በሚወለድበት አገር ፊት አይቶ ሦስቱንም መገመት አይቻልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የየራሱን ጥያቄ እንጠይቃለን።

ኦክስጅን መለኪያው

መለኪያው በጣት ውስጥ ሁለት ብርሃን ያሳልፋል፤ አንዱ 660 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ፣ ሌላው 940 ናኖሜትር ገደማ የሆነ በዓይን የማይታይ ኢንፍራሬድ። ኦክስጅን የያዘውና ያልያዘው ደም ብርሃኑን የሚውጡበትን ልዩነት አስልቶ ሳቹሬሽን፣ ማለትም ኦክስጅን የያዘውን ደም በመቶኛ፣ ይሰጣል። ችግሩ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ብርሃን መዋጡ ነው። መሣሪያው የተስተካከለው በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ሲሆን፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከ10 ሰዎች 2ቱ ጥቁር ቆዳ ካላቸው በቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የሚሺጋን ጥናት ውጤቱን አሳየ። መለኪያው ከ92 እስከ 96 ባነበበበት ሰዓት የአርተሪ ደም ሲመረመር ከ88 በታች የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁር አሜሪካውያን 11.7 በመቶ ነበር። ስህተቱ ያደላው ወደ አደገኛው ጎን ነው፤ ታፍኖ ያለን ሰው ደህና ነው ይላል።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ይጨመራል። ከተማዋ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የጤነኛ ሰው ቁጥርም ትንሽ ዝቅ ይላል። ከፍታው ቁጥሩን ወደ ታች፣ ቀለሙ ንባቡን ወደ ላይ ይጎትታሉ። እርስ በርስ ይካካሳሉ ብሎ ማሰብ ግን ስህተት ነው። 89 አይቶ «ከፍታው ነው» ብሎ ማለፍ ሰው ይገድላል።

አለካኩ እንዲህ ነው፦

1. እጁን ያሙቁ። በክረምት ጠዋት ከታክሲ ወርዶ የገባ ሰው ጣቱ በረዶ ነው። ጋቢ ውስጥ ወይም በሁለት መዳፍ መካከል ለ5 ደቂቃ ያቆዩት።
2. እንሶስላ፣ ሒና ወይም የጥፍር ቀለም የሌለበት ጣት ይምረጡ። ሁሉም ከተቀቡ የጥፍሩን ቀለም ያስለቅቁ፤ የማይለቅ ከሆነ ለጆሮ ወይም ለእግር ጣት የተሠራ መሰኪያ ይፈልጉ።
3. ታካሚው ይቀመጥ፣ እጁ በልብ ትይዩ ይረፍ፣ አያውራ። ፀሐይ ወይም ጠንካራ መብራት ጣቱ ላይ እንዳያርፍ ይሸፍኑት።
4. የመጀመሪያውን ቁጥር አይጻፉ። ከ30 እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቁና ሳይዋልል የቆየውን ይውሰዱ።
5. መሣሪያው የሚያሳየውን የልብ ምት በእጅ አንጓ ከቆጠሩት ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ካልገጠሙ ሳቹሬሽኑም አይታመንም።
6. በዚያው መሣሪያ የጤነኛ አስታማሚውን ጣት ይለኩ። ከፍታው ምን ያህል እንደሚወስድና መሣሪያው ደህና መሆኑን በአንድ ጊዜ ያውቃሉ።
7. ትንፋሹን ሙሉ 60 ሰከንድ ይቁጠሩ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት፣ በተለይ ሕፃናት ላይ፣ ያሳስታል።

90 የሚል ንባብ ማለት እውነተኛው ከ86 እስከ 94 መካከል የሆነ ቦታ ነው ማለት ነው። ከ90 በታች ከሆነ ኦክስጅን ይስጡ፣ ክርክሩ በኋላ ይደርሳል። ከ90 እስከ 93 ሆኖ ቆዳው ጠቆር ያለ፣ ትንፋሹ በደቂቃ ከ24 በላይ የሆነ ወይም የተምታታ አዋቂ እንደ ዝቅተኛ ይታይ፤ የአርተሪ ደም ጋዝ ምርመራ ካለ ይታዘዝ። 95 እያነበበ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይተነፍስ መጨረስ የማይችል ሰው ካጋጠመዎት ሰውየውን ይመኑ።

ቤት ውስጥ የሚለካ ሰው ጠዋትና ማታ በዚያው ጣት ለክቶ ደብተር ላይ ይጻፍ። ከአንዱ ቁጥር ይልቅ የቁጥሮቹ አካሄድ ይናገራል፤ ከለመደው 3 ነጥብና ከዚያ በላይ ከወረደ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ክሪያቲኒን፦ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን አይንኩት

ክሪያቲኒን ኩላሊት ከደም የሚያጣራው የጡንቻ ቆሻሻ ነው። ከእሱ ተነስቶ የኩላሊትን አቅም የሚያሰላው እ.ኤ.አ. የ2009ኙ ሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር ሰውየው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 ያባዛ ነበር። የተሰጠው ምክንያት ጥቁር አሜሪካውያን ጡንቻቸው ይበልጣል የሚል ግምት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቀመሩ ያለ ዘር ተተክቷል። በማላዊ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናትም ይህ ማባዣ አፍሪካ ላይ የኩላሊትን አቅም ከእውነቱ በላይ እንደሚያሳይ አረጋግጧል። ሆኖም የድሮው ቀመር በስልክ መተግበሪያዎችና ግድግዳ ላይ በተለጠፉ ሰንጠረዦች አሁንም አለ። መለያው ቀላል ነው፤ ዘር ከጠየቀ አሮጌ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 50 ዓመት የሞላው ወንድ፣ ክሪያቲኒን 1.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር። በ2009ኙ ቀመር «ጥቁር» ከተባለ የኩላሊቱ የማጣራት አቅም (ኢጂኤፍአር) 62 ይወጣል፤ ከ60 በላይ ነውና ደህና ተብሎ ይሸኛል። በ2021ዱ ቀመር 56 ነው። ሰውየው አልተለወጠም፣ ደሙም ያው ነው። በ62 የተሸኘ ሰው የስኳርና የደም ግፊት ክትትሉ ይላላል፣ ለወገብ ሕመሙ ዳይክሎፌናክ ይጻፍለታል፤ ሲመለስ ዲያሊሲስ ሊሆን ይችላል።

አሠራሩ፦ የ2021ዱን ቀመር የሚጠቀም ማስሊያ ስልክዎ ላይ ያድርጉ፤ ዕድሜ፣ ጾታና ክሪያቲኒን ብቻ ይጠይቃል። ማሽኑ ውጤቱን በማይክሮሞል በሊትር ከሰጠ በ88.4 ያካፍሉ፤ 133 ማለት 1.5 ነው። አሃዱን ሳያዩ ማስገባት በጣም የተለመደው ስህተት ነው። ከ60 በታች ከሆነ ሽንቱን ለፕሮቲን ይመርምሩ፣ ከ3 ወር በኋላ ይድገሙ፤ ያኔም ከ60 በታች ከሆነ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ነው።

የከሳ ሰው ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠንቀቁ። ጡንቻው ካለቀ ክሪያቲኒኑ ዝቅ ብሎ የታመመ ኩላሊትን ይሸፍናል፤ በክሪያቲኒን የሚሠራ የትኛውም ቀመር ከዚህ አያድንም፤ የሽንት ምርመራ ግን ይረዳል።

የሳንባ መለኪያም የዚሁ ዘመድ ነው። ስፓይሮሜትሩ «ጥቁር» ከተባለ የሚጠበቀውን የሳንባ መጠን ከ10 እስከ 15 በመቶ ይቀንስ ነበር፤ በዚህም የተጎዳ ሳንባ ጤነኛ ይመስላል። ማሽኑ ዘር ሲጠይቅ እ.ኤ.አ. የ2022ቱን ግሎባል የሚባለውን ማመሳከሪያ ይምረጡ፤ የትኛውን እንደመረጡም ወረቀቱ ላይ ይጻፉ።

ዝቅ ያለ ኑትሮፊል

እዚህ ስህተቱ ሌላ ዓይነት ነው፤ ጤነኛው በሽተኛ ይባላል። ዳፊ የሚባለው ምልክት ቀይ የደም ሴላቸው ላይ የሌለ ሰዎች በደማቸው የሚዘዋወረው ኑትሮፊል፣ ማለትም ኢንፌክሽን የሚዋጋው የነጭ ደም ሴል ዓይነት፣ ዝቅ ይላል። መቅናቸው ጤነኛ ነው፣ ኢንፌክሽንም ከሌላው ሰው አይበዛባቸውም። ይህ አፍሪካና የመን ውስጥ በብዛት አለ። ኢትዮጵያ ግን የተቀላቀለች ናት። ቪቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሴል የሚገባው በአብዛኛው በዳፊ በኩል ነውና፣ እዚህ ከምዕራብ አፍሪካ የበለጠ የሚበዛበት አንዱ ምክንያት ዳፊ ያላቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸው ነው። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ ስለሆነ ነው» ብሎ ማለፍ፣ «ከ1,500 በታች ነውና ካንሰር ይሆናል» ብሎ ከማስደንገጥ እኩል ያሳስታል።

መጀመሪያ ፍጹም ቁጥሩን ያስሉ፤ ጠቅላላ ነጭ ሴል በኑትሮፊል መቶኛ ተባዝቶ ለ100 ይካፈላል። 3,200 ሆኖ 38 በመቶ ከሆነ 1,216 ነው። መቶኛውን ብቻ አይቶ መወሰን አይገባም። ከዚያ የድሮ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ ውጤት) ይጠይቁ፤ ከ3 ዓመት በፊት የተሰጠ ውጤት ከአሥር አዲስ ምርመራ ይበልጣል፣ ብዙ ሰውም ወረቀቱን ቤት አስቀምጦታል። ሄሞግሎቢኑና ፕላትሌቱ ደህና ናቸው ወይ? የአፍ ቁስል፣ እባጭ፣ ተደጋጋሚ ትኩሳት አለ ወይ? ኮትሪሞክሳዞል፣ ዚዶቩዲን ወይም የእንቅርት መድኃኒት ይወስዳል ወይ? ኤች አይ ቪ ተመርምሯል ወይ? ጣፊያው ይዳሰስ፤ ከቆላ የመጣ ሰው ከሆነ ካላ አዛርን (ጣፊያን የሚያሳብጥ የተውሳክ በሽታ) ያስቡ።

ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ቁጥሩ ከ1,000 እስከ 1,500 ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድገሙ። ከተረጋጋ ለታካሚው በጽሑፍ ይስጡት፦ «የዘወትር ኑትሮፊሉ 1,200 አካባቢ ነው፣ በሽታ አይደለም»። ከ1,000 በታች ሪፈር ነው። ከ500 በታች ከትኩሳት ጋር ከሆነ ድንገተኛ ነው፣ ሰዓት አይባክንም። ለታካሚው የምትሰጠው ይህች ጽሑፍ ትልቅ ዋጋ አላት፤ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) በከንቱ ሲዘገይ፣ ክሎዛፒን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሚያስፈልገው ሰው ሲከለከል ያኔ ትደርሳለች። ክሎዛፒን ለመጀመር የሚጠየቀው 1,500 ሲሆን፣ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ዝቅታ ላለው ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ተለክቶ 1,000 ይበቃል።

ሄሞግሎቢን

ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ስለሚያደርግ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከ2,000 እስከ 2,499 ሜትር ላይ ከተለካው 1.4 ግራም በዴሲሊትር ይቀነሳል። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት 12.8 ካላት 11.4 ይሆናል፤ ወሰኑ 12.0 ስለሆነ ደም ማነስ አለባት ማለት ነው። ይሁንና ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት የወንዶቹ አማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ነበር፤ የባሕር ጠለል ሰው ቁጥር ማለት ነው። የደጋ ሰዋችን ደም እንደ አንዲስ ተራራ ሰው በከፍታ ብዙ አይጨምርም። እኛ የምንመክረው ቅነሳውን እንደ ማንቂያ መያዝ ነው። በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን ይታዘዝ፤ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች፣ ኢንፌክሽን ካለ ከ70 በታች ከሆነ ብረት ጎድሏል። ፌሪቲን ካልተገኘ ብረት ሰጥቶ በ4ኛው ሳምንት መለካት ነው፤ 1 ግራም ከጨመረ ጎድሎ ነበር። እንክብሉ ከቡናና ከሻይ በ2 ሰዓት ይራቅ።

«ከቀላ ተመለሺ» አይበሉ

መጻሕፍቱ የቁስል ኢንፌክሽን «ይቀላል» ይላሉ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ይጠቁራል፣ ወደ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ይሄዳል። ለእናትየው «ከጠቆረ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከጠነከረ ነይ» ይበሉ። እርስዎም በእጅዎ ጀርባ ጤነኛውን ጎንና የታመመውን ጎን በየተራ ይንኩ። አልጋ ላይ የሚውል በሽተኛ ተረከዙና መቀመጫው ላይ የሚጠነክር ወይም የሚሞቅ ቦታ ካለ፣ ቀለሙ ባይለወጥም ቁስሉ ጀምሯል፤ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጡት። የደም ማነስን ከዓይን ሽፋን ውስጥ፣ ከምላስና ከመዳፍ፣ የኦክስጅን እጥረትን ከምላስና ከከንፈር ውስጠኛ ክፍል ይፈልጉ።

አራስ ላይ ቆዳው ቢጫ እስኪሆን አይጠበቅም። በቀን ብርሃን ድዱንና የዓይኑን ነጭ ይዩ። በመጀመሪያው 24 ሰዓት የታየ ቢጫነት ሁልጊዜ ድንገተኛ ነው። ጠዋት ፀሐይ ማሞቅ የቢሊሩቢን ምርመራንና የብርሃን ሕክምናን አይተካም፤ ይህን አያቶችም ባሉበት መናገር ያስፈልጋል።

ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት 222 ነጭ አሜሪካውያን የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች ተጠይቀው ግማሽ ያህሉ ስለ ጥቁር ሰው አካል ቢያንስ አንድ ሐሰተኛ እምነት ነበራቸው፤ ለምሳሌ ቆዳው ወፍራም ነው የሚል። «ከገጠር የመጣች ናት፣ ትችለዋለች» የሚለው የእኛ ቃል ከዚያ አይለይም። ከጋምቤላ ወይም ከአሶሳ ሪፈር ተጽፎለት የመጣ፣ ቀለሙ ጠቆር ያለ፣ አማርኛ የማይሰማ ሰው ኦክስጅኑ በተሳሳተ መንገድ ሊነበብ፣ ኢንፌክሽኑም ሊታለፍ የሚችል ሰው ነው፤ በዚያ ላይ ቋንቋ ሲጨመር ሕመሙም አይጠየቅም። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁ፦ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው? መድኃኒት ሰጥተው በ30 ደቂቃ ይመለሱና እንደገና ይጠይቁ። ለማስተርጎም የታካሚውን ልጅ አይጠቀሙ፤ ቋንቋውን የሚችል አዋቂ በስልክ ድምፅ ማጉያ ይሻላል። በስሙ ይጥሩት፣ በቀለሙ ወይም በብሔሩ አይጥሩት።

ሪፈር ሲጽፉ ቁጥሩን ብቻውን አይላኩ። «ሳቹሬሽን 92፣ ያለ ኦክስጅን፣ የቀኝ ሌባ ጣት፣ ቆዳ ጥቁር፣ ትንፋሽ 28፤ ኢጂኤፍአር 56፣ በ2021 ቀመር፤ ሄሞግሎቢን 12.8፣ ከፍታ ያልተቀነሰ፤ የዘወትር ኑትሮፊል 1,200።» ተቀባዩ ሐኪም ከዚህ ተነስቶ ይሠራል።