ዕድሜና የሞተር ሳይክል አደጋ፦ ጉዳቱን የሚያባብሱ ስህተቶች

ከሞተር የወደቀ ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ ፍጥነቱ ብቻ አይወስነውም። የ22 ዓመት ወጣት አቧራውን አራግፎ የሚነሳበት አወዳደቅ የ65 ዓመት ሰው ሦስት አራት ጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል። ይበልጥ የሚያሳስተው ግን የጉዳቱ ምልክትም እንደ ዕድሜው መለያየቱ ነው።

«ተነስቶ ቆሟል፣ ደህና ነው» ማለት

በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ ከዚህ የከፋ ስህተት የለም። ዕድሜ ሲጨምር አንጎል በመጠኑ ይቀንሳል፤ በአንጎሉና በራስ ቅሉ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ ክፍተቱን አቋርጠው የሚያልፉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይወጠራሉ። ጭንቅላት ሲናወጥ በቀላሉ ይበጠሳሉ። የሚፈሰው ደም ሰፊ ቦታ ስለሚያገኝ አንጎልን እስኪጫን ጊዜ ይወስዳል። ሰውየው በዕለቱ እየሳቀ ቤቱ ይገባና ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ራሱን ያመዋል፣ ይረሳል፣ አንድ እግሩን ይጎትታል፤ ቤተሰብ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዋርፋሪንን የመሰለ ደም ማቅጠኛ ወይም ክሎፒዶግሬል (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ምንም ባይሰማውም በዚያው ዕለት ይመርመር፤ የመድኃኒቱንም ስም ለሐኪሙ ይንገር። በራሱ ፈቃድ ግን አያቁመው።

የጎድን አጥንት ስብራትን መናቅ

በአረጋውያን ላይ አደገኛው ስብራቱ ሳይሆን ተከትሎት የሚመጣው የሳንባ ምች ነው። ሕመሙ በጥልቀት መተንፈስና ማሳል ስለሚከለክል አክታው ሳንባ ውስጥ ይቀራል። ማስታገሻን «እችለዋለሁ» ብሎ መተው እዚህ ላይ ጀግንነት አይደለም፤ የታዘዘው በሰዓቱ ይወሰድ። ነቅተው ባሉበት በየሰዓቱ 10 ጊዜ ያህል በጥልቀት መተንፈስ፣ ሲያስሉም ትራስ ደረት ላይ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ይረዳል። ደረትን በፋሻ ጠፍሮ ማሰር ግን ትንፋሹን ጭራሽ ያሳጥረዋል።

በደም ግፊትና በልብ ምት መዘናጋት

ላይኛው የግፊት ቁጥር 105 ቢሆን ለጤነኛ ወጣት ምንም ላይሆን ይችላል። ከ65 ዓመት በላይ በሆነ ተጎጂ ግን ከ110 ካነሰ የውስጥ መድማት ሊኖር ስለሚችል ያስጠረጥራል። እንደ አቴኖሎል ያሉ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ደም እየፈሰሰም ልብ እንዳይፈጥን ስለሚይዙት ምቱ የተረጋጋ ይመስላል። ሕፃናት በተቃራኒው ብዙ ደም እስኪያጡ ድረስ ግፊታቸው ሳይወርድ ይቆይና በድንገት ይዘቅጣል። ስለዚህ በልጅ ላይ የቆዳውን መገርጣትና መቀዝቀዝ፣ የልቡን መፍጠንም ተመልከቱ።

«አጥንቱ አልተሰበረም» ብሎ ልጅን ወደ ቤት መመለስ

የልጅ ጎድን አጥንት ስለሚተጣጠፍ ሳይሰበር ሳንባን፣ ጉበትን ወይም ጣፊያን ሊያስጎዳ ይችላል። መሪው ሆዱን መትቶት ክብ በለዝ ከታየ፣ ልጁ እየተጫወተም ቢሆን መመርመር አለበት። ከመገጣጠሚያ አጠገብ ያበጠና ሲነኩት የሚያመው ቦታም ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ አጥንት የሚያድግበት ክፍል ተጎድቶ ከሆነ ቆይቶ እጅና እግርን ሊያሳጥር ወይም ሊያጣምም ይችላል።

የአዋቂ ሄልሜት ለልጅ ማልበስም ያው ነው። ጭንቅላቱ ሲወዘወዝ ሄልሜቱ ብቻውን ከዞረ አይሆንም። እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ ደግሞ ጭራሽ መጫን የለበትም።

ወጣቱ ሕመሙን ችሎ መተኛቱ

ቅልጥሙ የተሰበረ ወይም የተጨፈለቀ ወጣት ወፍራም ጡንቻው በጠባብ ሽፋን ውስጥ ሲያብጥ ደም ሊቋረጥበት ይችላል። ምልክቱ ከጉዳቱ ጋር የማይመጣጠን፣ በማስታገሻ የማይበርድ፣ የእግር ጣቶቹን ሲስቡለት የሚብስ ሕመም ነው። ፋሻው ይላላ፤ እግሩ ከልብ ከፍታ በላይ አይሰቀል። ጡንቻው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መሞት ስለሚጀምር ጠዋት ድረስ መጠበቅ እግሩን ሊያሳጣው ይችላል።

በ25 ዓመት የለመዱትን ርቀት ይዞ በ60 ዓመት መንዳት

ዕድሜ ሲገፋ ፍሬን ለመያዝ መዘግየት ይመጣል፤ በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሽ ሰከንድ መዘግየት 8 ሜትር ያህል ይበላል። ከፊት ያለውን መኪና በሁለት ሰከንድ ርቀት መከተል የለመደ ሰው ወደ አራት ያሳድገው፤ የሌሊት መብራት ዓይኑን የሚወጋው ከሆነም ከመንዳቱ በፊት የዓይን ሞራ እንደሌለበት ይታይ።