ጎመኑን ለማዳን ብለን የምንሠራቸው ስህተቶች

መሃል አዲስ አበባ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ሰው እያነሰ ሄዷል። ያም ሆኖ ካዛንቺስ ያለች ጠባብ ጓሮም ሆነች የልደታ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ጎመንና ጤና አዳም አያጡም። ጎመን ባለበት ተባይ አለ። ተባይ ባለበት ደግሞ ተባዩን የሚበላ አለ። ብዙውን ጊዜ ተክሉን የምናጣው ይህን ሁለተኛውን ሳናውቀው ስለምንጨርሰው ነው።

ክሽክሽ እንደታየ መርጨት

ትልቁ ስህተት ይሄ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆየት ልበል። ክሽክሽ የጎመን ቅጠል ጀርባ ላይ ተሰብስባ ጭማቂ የምትመጥ፣ ግራጫ ወይም አረንጓዴ የሆነች ደቃቅ ነፍሳት ናት። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች። የምትወልደውም እንቁላል ሳይሆን ወዲያው መምጠጥ የሚጀምር ልጅ ነው። የአዲስ አበባ ብርድ ትንሽ ያዘገያታል እንጂ፣ ሙቀት ካገኘች ልጅቷ ራሷ በሳምንት ገደማ ወላጅ ትሆናለች።

የሚበሏት እንዲህ አይፈጥኑም። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ጥንዚዛ እንቁላል ትጥላለች፣ ከዚያ እጭ፣ ከዚያ ሙሽሬ፣ ከዚያ ጥንዚዛ። ይህ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል። መድኃኒት ሲረጭ ሁለቱም ይሞታሉ። ቀድማ የምትመለሰው ግን ክሽክሽ ናት፣ ያውም የሚነካት በሌለበት። እኛም «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለን ደግመን እንረጫለን። ሻጩ ምን ገዶት!

ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነው ይህንኑ ያሳያል። በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥጥ የለበሰ የሚመስል ከአውስትራሊያ የገባ ተባይ የብርቱካን እርሻዎቹን ሊያጠፋ ደርሶ ነበር። በ1888 መጨረሻ ከዚያው ከአውስትራሊያ ትንሽ ጥንዚዛ አስመጡ። ብዙም ሳይቆይ ተባዩ ልኩን አገኘ። በ1940ዎቹ ገበሬዎቹ ዲዲቲ መርጨት ሲጀምሩ ጥንዚዛዋ አለቀች፣ ተባዩም ተመለሰ።

ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ክሽክሿ ጥቂት ከሆነች በጣት ይጨፍልቋት ወይም በውሃ ያጥቧት። ከዚያ አንድ ሁለት ሳምንት ይታገሡ። ቅጠሉ መኮማተር ከጀመረ ለዘብ ያለ የሳሙና ውሃ ጀርባው ላይ መርጨት ይቻላል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። የነካውን ግን ወዳጅ ነው ጠላት ብሎ አይለይም።

ወዳጁን ሳያውቁ መግደል

ጥንዚዛዋን ሁሉም ይወዳታል። ልጇን ግን ማንም አያውቃትም። ረዘም ያለች፣ ጥቁር ሆና ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያለባት፣ ፊት የማትሰጥ ፍጡር ናት። ብዙ ሰው ጎመን የሚበላ ትል መስላው ይደፈጥጣታል። እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ክሽክሽ ስትለቅም ነው የምትውለው።

አበጥ ብላ፣ ቡናማ ሆና ቅጠል ላይ የደረቀች ክሽክሽ ካዩም አይጣሏት። ውስጧ የምታድግ ደቃቅ ተርብ አለች። ስትደርስ ክብ ቀዳዳ ከፍታ ትወጣና ሌሎች ክሽክሾች ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። ያች ተርብ ሰውን አትነድፍም።

እስስትም የዚሁ ግፍ ተካፋይ ናት። ግቢ ውስጥ ከታየች ልጆች ዱላ ያነሳሉ፣ አዋቂውም ዝም ይላል። መርዝ የላትም። ሥራዋ ዝንብና ፌንጣ መልቀም ነው።

ጉንዳኑን መርሳት

ሎሚው ግንድ ላይ ጉንዳን ሲመላለስ ካዩ ወደ ላይ ቀና ይበሉ፤ ብዙውን ጊዜ ክሽክሽ ወይም መሰሏ አለች። እነዚህ ነፍሳት የመጠጡትን ትርፍ ጣፋጭ ፈሳሽ አድርገው ያወጡታል። ጉንዳኑ እሱን ይልሳል፣ በምላሹም ጥንዚዛዋን እያባረረ ይጠብቃቸዋል። ቅጠሉ ላይ ጥላሸት የሚመስለው ነገርም በዚያ ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ የበቀለ ሻጋታ ነው። ግንዱ ላይ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ በላዩ ግሪስ መቀባት መንገዱን ይዘጋበታል። ግሪሱ ልጡን እንዳይነካ። ሌላውን ለጥንዚዛዋ ይተዉላት።

አፈሩን እንደ ሳሎን መጥረግ

የተጠረገ ግቢ የጨዋ ቤት ምልክት ነው፣ ይገባኛል። ግን ቅጠሉን ጠርጎ ማቃጠል የአፈሩን ምግብ ማቃጠል ነው። የምድር ትልና ፈንገሶች የሚኖሩት በእሱ ነው። ሸረሪቶችና የሌሊት አዳኝ ጥንዚዛዎችም ከሥሩ ይደበቃሉ። ራቁቱን የቀረ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ዝናብ ይታጠባል። ቅጠሉን ሁለት ጣት ያህል ከፍታ አድርገው ተክሉ ሥር ያልብሱት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ከሆነ ግን ለችግኝ አይሆንም፣ ቡቃያ ያቀጭጫል። የታመመ ቅጠልም ይወገድ።

በየጊዜው መቆፈርም እንዲሁ ነው። አፈር ውስጥ እንደ ክር የቀጠኑ፣ ቁፋሮ የሚበጣጥሳቸው ፈንገሶች ከሥር ጋር ይጣመራሉ። ፎስፈረስና ውሃ ያመጣሉ፣ ተክሉ ስኳር ይከፍላቸዋል። በቆሎ፣ ቲማቲም፣ ባቄላና ሎሚ ሁሉ የዚህ ዕቁብ አባል ናቸው። የሚገርመው ጎመንና ዘመዶቹ አልገቡበትም። ስለዚህ ጎመን ብቻ እየደጋገሙ የሚተክሉ ከሆነ እነዚያ ፈንገሶች የሚመግባቸው ያጣሉ። በመሃል ባቄላ ጣል ያድርጉ። ባቄላው ሲያልቅ አይንቀሉት፣ ከአፈር በላይ ይቁረጡት። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ናይትሮጅን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች ቤት ናቸው። አንዱን ሰንጥቀው ውስጡ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው።

ዩሪያ ማብዛት

ቅጠሉ ይለመልማል፣ ይለሰልሳል። ክሽክሽም የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ሁሉንም ሳያብብ መቅጠፍ

ድንብላልና በሶብላ ለወጥ ነው የሚተከሉት፣ እውነት ነው። ግን አንድ ሁለቱን እስኪያብቡ ይተዉ። ቅድም ያልኳት ደቃቅ ተርብ ካደገች በኋላ የምትኖረው በአበባ ማር ነው። አፏ አጭር ስለሆነ እንደ ድንብላል ያለ ጥልቀት የሌለው አበባ ይስማማታል። አበባው ድርብርብ የሆነ የጌጥ ጽጌረዳ ቆንጆ ነው፣ ለእሷ ግን ባዶ ሞሰብ።

የአይጥ መርዝ

ሱቅ የሚሸጡት ብዙዎቹ መርዞች ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ናቸው። አይጧ ወዲያው አትሞትም። ለቀናት እየተንገዳገደች ትቆያለች። ያኔ ነው ድመቷ፣ ጉጉቷ ወይም ጭልፊቱ በቀላሉ የሚይዟት። መርዙም ወደ እነሱ ይሻገራል። ጉጉትን ሟርተኛ ብለን እናባርራታለን፤ በአይጥ አዳኝነት ግን የሚስተካከላት ጥቂት ነው። ወጥመድ ይጠቀሙ። ትርፍራፊውን በክዳን ይዝጉ፣ የእህል ጆንያውን ከግድግዳ ያርቁ። መርዝ የግድ ከሆነ በየማለዳው ግቢውን ዞረው የሞተውን ይልቀሙና ድመትና ውሻ የማያወጡት ጥልቀት ላይ ይቅበሩት። በተለይ ቄራ አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የተመረዘ አይጥ ሜዳ ላይ መጣል የለባቸውም፤ ጥንብ አንሳዎቹ ከላይ ሆነው ያዩታል።