አልፈታ ያለ የጎማ ዳዶ፦ መፍቻ ሲያነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጎማ ዳዶ አልፈታ ሲል ሰው ሁሉ ዝገቱን ይረግማል። ዝገት ድርሻ አለው። ክረምቱን ከእንጅባራ ዳንግላ በዝናብ፣ ከቢቸና ሞጣ በዋልካ ጭቃ ሲመላለስ የከረመ መኪና ዳዶው ቢዝግ አይገርምም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ዳዶውን የቆለፈው ባለፈው ጊዜ ያጠበቀው ሰው ነው። ቱቦ ቀጥሎ፣ በሁለት እግሩ ቆሞበት ያሰረውን ሌላው በባዶ እጁ ልፍታህ ቢለው ከየት ይላላል? ስለዚህ የማጥበቁንም ስህተት ሳናነሳ አናልፍም። ከዚህ በታች ብሎን የምንለው ከሞዞው (ጎማው ከሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) የሚወጣውን ባለ ጥርስ ብረት ነው፤ ዳዶ ደግሞ እሱ ላይ የሚታሰረውን።

መኪናውን በክሪክ አንስቶ መታገል

ጎማው ከመሬት ከተነሳ በኋላ አብሮ ይዞራል፤ ያንን ለመከላከል መኪናውን እየገፉ ሲታገሉ ኃይሉ ዳዶው ላይ ሳይሆን ክሪኩ ላይ ያርፋል። ክሪክ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ክብደት ይሸከማል እንጂ የጎን ግፊት አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ማርሽ አንደኛ ላይ፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ ይግባ፤ ከሚፈታው ጎማ በሰያፍ በኩል ያለው ጎማ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ይደገፍ። ከዚያ ሁሉንም ዳዶ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ብቻ አላልተው ነው መኪናውን የሚያነሱት። ዋልካ ላይ ከሆኑ ከክሪኩ ሥር ቢያንስ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ያስገቡ። ዋልካ ከላይ የደረቀ መስሎ ከሥሩ እርጥብ ስለሚሆን ክሪኩን ቀስ እያለ ይውጠዋል፤ የሚያስተውሉትም መኪናው ሲያዘነብል ነው።

ትኩስ ጎማ ላይ ውኃ መድፋት

ይህ የዓባይ በረሃ ስህተት ነው። ከጎሐ ጽዮንም ሆነ ከደጀን በኩል ወደ ድልድዩ የወረደ መኪና ፍሬኑ ይግላል፤ ሙቀቱም ከፍሬኑ ታምቡር ወደ ሞዞው፣ ወደ ቸርኬው (ጎማው ወደተገጠመበት ብረት) እና ወደ ዳዶው ይተላለፋል። ጎማ ከተነፈሰ ረዳቱ ቶሎ እንዲፈታለት ጀሪካን ይዞ ይመጣል። ታምቡር የሚሠራው ከቀለጠ ብረት በማፍሰስ ስለሆነ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፤ ዲስክም ይጣመማል። ለዳዶውም ቢሆን ጥቅም የለውም፤ ውኃው ቀድሞ የሚያቀዘቅዘው ከውጭ ያለውን ዳዶ ስለሆነ ዳዶው ተኮማትሮ ገና ትኩስ የሆነውን ብሎን ይበልጥ ያንቀዋል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጥላ ሥር መቀመጥ ያዋጣል።

በግምት የሚገጥም መፍቻ

የአብዛኞቹ ቶዮታዎች የጎማ ዳዶ 21 ሚሊ ሜትር ነው። 22 ቁጥር መፍቻም ይገባበታል፤ ችግሩም ያ ነው። መፍቻው የሚይዘው የዳዶውን ጠፍጣፋ ጎን ሳይሆን ማዕዘኑን ስለሚሆን ኃይል ሲበዛበት ማዕዘኑን ይልጠዋል። ከዚያ በኋላ ትክክለኛው 21 ቢመጣም የሚይዘው ነገር አያገኝም። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ቡሶላም (ዳዶው ላይ የሚለበሰው የመፍቻ ራስ) እንዲሁ ነው፤ ለያዘ ዳዶ ስድስት ማዕዘን ያለውን ይምረጡ።

አንዳንድ ዳዶዎች ለውበት ሲባል ስስ ቆርቆሮ የለበሱ ናቸው። ከሥሩ ዝገት ሲገባ ቆርቆሮው ያብጣል፣ 21ም እምቢ ይላል። መፍትሔው 22 መፈለግ አይደለም። ቆርቆሮውን በመሮ ልጦ አውጥቶ ከሥር ያለውን ትክክለኛ ዳዶ መለካት ነው፤ በኋላም ዳዶውን መቀየር።

መፍቻው እስከ መጨረሻው መግባቱንም ይመልከቱ። በቸርኬው ጉድጓድ ውስጥ የደረቀ ጭቃ ካለ መፍቻው የዳዶውን ጫፍ ብቻ ይዞ ይቆማል። በሚስማር ወይም በካቻቢቴ ጫፍ ፈልፍሎ ማጽዳት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ጂራቱቦ (የቱቦ መፍቻ) እና እየሰፋ የሚጠብ ቁልፍ ለዚህ ሥራ አልተፈጠሩም። ይህንን ማብራራትም አያስፈልግም።

አቅጣጫ ሳያጣሩ ጉልበት መጨመር

በትናንሽ መኪኖች ጉዳዩ ቀላል ነው፦ አራቱም ጎማ ወደ ግራ ይፈታል። ጤፍና በቆሎ በሚያመላልሱት በቆዩት ኢሱዙዎች ላይ ግን ስንት ብሎን እንደተቆረጠ ጎሚስታዎች ይወቁት። በእነዚህ መኪኖች በሾፌሩ በኩል ያለው ጎማ፣ ማለትም የግራው፣ ጥርሱ ግራ ዙር ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ዳዶው «እምቢ» ባለ ቁጥር ቱቦ እያስረዘመ ያጠብቀዋል።

ማረጋገጫው ሁለት ነው። አንደኛ፣ የብሎኑን ጫፍ በጨርቅ ጠርገው ይዩ፤ ግራ ዙር ከሆነ ኤል፣ ቀኝ ዙር ከሆነ አር የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ተቀርጾበታል። ሁለተኛ፣ ፊደሉ ጠፍቶ ከሆነ የጥርሱን ዝንባሌ ይመልከቱ። በእንዲህ ዓይነት መኪና ላይ ለማስታወስ የሚቀለው ይህ ነው፦ መኪናው ወደፊት ሲሄድ ጎማው በሚዞርበት አቅጣጫ ይጠብቃል፤ ወደኋላ ሲሄድ በሚዞርበት ይፈታል። አሥር ብሎን ያላቸው ከባድ መኪኖች ግን አብዛኞቹ በሁለቱም በኩል ቀኝ ዙር ስለሆኑ ይህን ሕግ እነሱ ላይ አይሥሩበት።

መፍቻው ላይ መዝለል፣ ቱቦ ያለ ልክ ማስረዘም

ትንሽ ስሌት እዚህ ይጠቅማል። የቶዮታ ቪትዝ ዳዶ የሚጠብቀው በ103 ኒውተን ሜትር (የማዞሪያ ኃይል መለኪያ) ነው። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም ወደ 177 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ያው ሰው 90 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ቢቆም ደግሞ 530 ገደማ፤ ይህ ዳዶው ከተሠራለት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብሎን ይህን ሁሉ እንዲችል አይጠበቅም።

ለትንሽ መኪና ጠቅላላ ርዝመቱ ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ መፍቻ ከበቂ በላይ ነው። ቱቦ መጠቀም ግድ ከሆነ ቱቦው የመፍቻውን እጀታ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ይዋጥ፤ በጫፉ ብቻ የተሰካ ቱቦ ሲያመልጥ ጉልበት ወይም ጥርስ ይዞ ይሄዳል። እየተሳበ የሚረዝም መፍቻ ካለዎት ማቆሚያ ምልክቱን አያሳልፉት።

የእጀታው አቀማመጥም ከጉልበት ይበልጣል። ቀኝ ዙር ዳዶ ሲፈቱ እጀታው ወደ ግራ፣ ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀመጥ፤ ያኔ ወደ ታች የሚጫኑት ክብደት በሙሉ ወደ መፍታት ይሄዳል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው የታጠፈ መፍቻ ሌላ ጠባይ አለው፦ ሲጫኑት ራሱ ከዳዶው እየተንጋደደ ለመውጣት ይሞክራል። ከራሱ ሥር፣ መታጠፊያው ላይ፣ ድንጋይ ወይም የጣውላ ቁራጭ ደርድረው ቢያስደግፉት መንጋደዱን ያቆማል። መስቀል መፍቻ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በአንድ እጅ ወደ ላይ እየሳቡ በሌላው ወደ ታች ሲጫኑ ኃይሉ ከሁለት ወገን ተመጣጥኖ ስለሚመጣ ራሱ ዳዶው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። አንዱን ክንድ ብቻ ይዘው በእግር የሚረግጡ ከሆነ ግን ይህ ጥቅም የለም፤ ያ እንግዲህ መስቀሉን የታጠፈ መፍቻ ማድረግ ነው።

መዝለል ደግሞ ለብቻው ክልክል ነው። ክብደትን ቀስ ብሎ መጫንና ይዞ መቆየት ይሻላል። ዳዶው ሲላቀቅ «ቃ» የሚል ደረቅ ድምፅ ያሰማል። ድምፅ ሳይኖር እጀታው እየለሰለሰ የሚሄድ ከመሰለዎት እየዞረ ያለው ዳዶው ላይሆን ይችላል፤ ብሎኑ እየተጠመዘዘ ነውና ያቁሙ። ትንሽ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው እያመላለሱ መሞከር በጥርሱ መካከል ያለውን ዝገት ይፈጨዋል።

በክሪኬቶ መጀመር

ክሪኬቶ (ከዳዶው ሳይነሳ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ የሚያዞር እጀታ) የላላ ዳዶ ቶሎ ለማውጣት እንጂ የያዘውን ለመላቀቅ አይደለም። በውስጡ ያለችው ትንሽ ጥርስ ትሰበራለች፤ እጅም ቸርኬው ላይ ይጋጫል።

ናፍታ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ እሳት

ጸረ ዝገት ፈሳሽ የሚሠራው ጥርሱ ጋር ከደረሰ ነው። ዳዶው ጫፉ ክፍት ከሆነ ብሎኑ በሚታይበት በኩል አራት አምስት ጠብታ ይበቃል፤ ከዚያ ዳዶውን በማርቴሎ ቀለል አድርጎ ከዙሪያው መታ መታ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መጠበቅ። ጫፉ የተደፈነ ዳዶ ላይ ከላይ ቢያፈሱ የሚወርደው ቸርኬው ላይ ብቻ ነው። ናፍታና የተቃጠለ ዘይት ወደ ፍሬን ሸራ ከደረሱ ጎማው ሲፈታ የተገኘው ትርፍ ዳገት ቁልቁለቱ ላይ ይከፈላል። የትኛውም ፈሳሽ ቢሆን ዳዶውን መልሰው ከማሰርዎ በፊት ጥርሱን በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ዘይት ያለበት ጥርስ ሰበቃው ስለሚቀንስ በተመሳሳይ ጉልበት ብሎኑ ከሚገባው በላይ ይወጠራል።

እሳት የሚባለው ከሁሉ የከፋው ነው። ጎማው አየር እንደያዘ ዳዶውን ወይም ቸርኬውን በጋዝ ማጋል ጎማውን ከውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል፤ የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ አጠገቡ ያለ ሰው ላይተርፍ ይችላል። ማዕዘኑ የተላጠ ዳዶም ቢሆን በእሳት አይፈታም። አንድ ቁጥር ያነሰ ቡሶላ በማርቴሎ እየመቱ አስገብቶ መሞከር ይቻላል፤ ካልሆነ ቆርጦ ለማውጣት ወደ ጋራዥ መውሰድ ነው።

ባለ ማርሽ መፍቻን እንደ ተራ መፍቻ መያዝ

ለኢሱዙና ለሌሎች ከባድ መኪኖች የሚሸጠው፣ በውስጡ ማርሽ ያለውና በትንሽ እጀታ የሚዞረው መፍቻ ጥሩ መሣሪያ ነው። ብዙዎቹ ላይ 1 ለ58 ተብሎ ተጽፏል፤ እጀታው 58 ጊዜ ሲዞር ቡሶላው አንድ ጊዜ ይዞራል። 20 ሴንቲ ሜትር እጀታ ላይ 10 ኪሎ ግራም ያህል ቢጫኑ 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በስሌት ወደ 1,160 ያድጋል፤ ከዚያ ላይ በጥርሶቹ ሰበቃ የሚባክነው ይቀነሳል። ያም ሆኖ አንድ ሰው ብቻውን ያለ ላብ ይፈታበታል።

አራት ጥፋት ይፈጸምበታል። የመጀመሪያው መደገፊያ እግሩ ነው። እግሩ አጠገቡ ባለው ዳዶ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት፤ በጫፉ ከያዘ ይንሸራተታል። ጣትዎን በእግሩና በዳዶው መካከል በፍጹም አያስገቡ። ሁለተኛው፣ በዚህ መሣሪያ ማጥበቅ ነው። እጅ የሚሰማው ኃይል ትንሽ ስለሆነ ምን ያህል እንደተጠበቀ አይታወቅም፤ ብሎን የሚቆረጠውም በዚህ ነው። ሦስተኛው፣ ለቪትዝና ለሚኒባስ መጠቀም፤ ምክንያቱ ከላይ ካለው ስሌት ግልጽ ነው። አራተኛው፣ ዳዶው ሳይላቀቅ እጀታውን በድንገት መልቀቅ። መፍቻው ተወጥሮ ስለሚቆይ እጀታው ወደኋላ ይወረወራል፤ ቀስ እያሉ መልሰው ያዙሩት።

በቆዩት ኢሱዙዎች የኋላ ድርብ ጎማ ላይ ዳዶው ሁለት ነው። የውጪው 41 ሚሊ ሜትር ስድስት ማዕዘን፣ የውስጡ 21 ሚሊ ሜትር አራት ማዕዘን ነው። ሲያጠብቁ የውስጡ ይቀድማል። የተለመደው ጥፋት የውጪውን ብቻ ነካክቶ «ጠብቋል» ማለት ነው፤ የውስጡን ለመፈተሽ የውጪው መጀመሪያ መላላት አለበት።

ዳዶው ወጥቶ ጎማው ሲቀር ከሥር መርገጥ

ቸርኬው ከሞዞው ጋር በዝገት ሊጣበቅ ይችላል። በክሪክ የተነሳን መኪና ጎማ በእርግጫ መምታት መኪናውን ከክሪክ መጣል ነው። ዳዶዎቹን ሁለት ሦስት ዙር ብቻ መልሰው ያስገቡ፣ መኪናውን ያውርዱ፣ ግማሽ ሜትር ያህል ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት። የመኪናው ክብደት ራሱ ያላቅቀዋል። ጎማው ሲወርድ የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ አይዘንጋ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ራስን መቆለፍ

ዳዶውን በእጅ ጀምረው ቢያንስ አራት አምስት ዙር ያስገቡ። በእጅ አልገባ ያለ ዳዶ ጥርሱን ስቷል ወይም ቆሽሿል፤ በመፍቻ ማስገደድ ሁለቱንም ያበላሻል። መኪናው መሬት ከነካ በኋላ በተርታ ሳይሆን በሰያፍ፣ አንዱን ዘሎ አንዱን እያሉ ያጥብቁ። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ) ከሌለዎት ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር ማለት 40 ሴንቲ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 26 ኪሎ ግራም ገደማ መጫን ነው። ባለ ብረት ቸርኬ ላንድክሩዘር 70 ደግሞ 209 ስለሚፈልግ በዚያው እጀታ 53 ኪሎ ግራም ይሆናል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ካለ እሱ ይቀድማል። ጎሚስታው በአየር መሣሪያ ካሰረልዎት እዚያው ቆመው አንዱን ዳዶ በራስዎ የእጅ መፍቻ ፈትተው መልሰው ያስሩ። ጎማውን በስኮርታ (በመጠባበቂያ ጎማ) ለመቀየር በረሃ ላይ ሲቆሙ ያ መፍቻ ይፈታው እንደሆነ አሁኑኑ ያውቁታል።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዙ በኋላ ጎማው ሲቀዘቅዝ እንደገና ይፈትሹ፤ ደጀን ላይ የተቀየረ ጎማ ደብረ ማርቆስ ላይ ይታይ። ዳዶው ትንሽ ቢዞር ችግር የለውም። በቸርኬው ቀዳዳ ዙሪያ ቀይ ዱቄት የመሰለ ዝገት ወይም አዲስ ጭረት ካዩ ግን ዳዶው ላልቶ ቸርኬው ሲንቀሳቀስ ቆይቷል፤ ማጥበቅ ብቻ ስለማይበቃ ጎማው ወርዶ የቀዳዳው ቅርጽና እያንዳንዱ ብሎን መታየት አለበት።